ዝም ያለውን ልጅ መስማት፦ የልጆች የአእምሮ ጤና ለደሴና ለኮምቦልቻ ወላጆች

ልጅ ትኩሳት ሲይዘው እናት ግንባሩን ዳስሳ ታውቃለች፤ ሲያስለው ትኩስ ነገር ታጠጣዋለች፣ ካልተሻለውም አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ልጁ የተጨነቀ ወይም ያዘነ እንደሆነ ግን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ስለሌለ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በተለይም በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቤቶች እንግዳ ሲመጣ እጅ አስታጥቦ ጥግ የሚይዝ፣ የታዘዘውን ያለ ምላሽ የሚፈጽም፣ ትልቅ ሰው ፊት ድምፁ የማይሰማ ልጅ የሚመሰገን በመሆኑ፣ ሲጫወትና ሲከራከር የኖረ ልጅ በድንገት ዝም ሲል ቤተሰቡ «ምን ነካው?» ከማለት ይልቅ «አሁን ገና አደብ ገዛ» ብሎ ሊደሰት ይችላል።

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው እንዲህ ስላለው ልጅ ነው። የሚጮኸውና የሚያስቸግረው ልጅ ቢያንስ በቁጣም ቢሆን የሰው ዓይን ያርፍበታል፤ ዝም ያለው ግን ካልፈለጉት አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ልጆች መካከል ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። ይህ የዓለም አማካይ ስለሆነ የአንድን ከተማ ሁኔታ በቀጥታ ባይናገርም፣ ሃምሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ሰባት ያህል ልጆች ማለት ነውና፣ ነገሩ የጥቂት ቤቶች ነውር እንዳልሆነ ያሳያል። ወላጅ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ለውጡን በጊዜ ማየት፣ ከምክር በፊት መስማት፣ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ ልጁን ወደ ሕክምና መውሰድ ነው፤ ከእነዚህም ከሁሉ የሚከብደው፣ በእኔ ግምት፣ መስማቱ ነው።

ምን መመልከት ይገባል?

ልጅን ከጎረቤት ልጅ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ማወዳደር ብዙም አይጠቅምም፤ ሊወዳደር የሚገባው ከጥቂት ወራት በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር ነው። ከተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ፣ ነገር ግን የሚበላ፣ የሚተኛ፣ ከአንድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሚስቅ ልጅ ምንም አልሆነም። ሊያሳስብ የሚገባው ለውጥ ነው፤ ለውጡ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም የታየ፣ መብላቱን፣ መተኛቱን፣ መማሩን ወይም መጫወቱን ያወከ ሲሆን ቸል ሊባል አይገባም።

ምልክቱ እንደ ዕድሜው ይለያያል። ትንንሾቹ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ አልጋ ላይ መሽናት ያቆመ ልጅ እንደገና ይጀምራል፣ ብቻውን ይተኛ የነበረው የእናቱን ቀሚስ አልለቅም ይላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉት ብዙውን ጊዜ ጭንቀታቸውን የሚናገሩት በአካላቸው ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሆዱን የሚያመውና ቅዳሜ የማያመው ልጅ፣ ወይም ሒሳብ ባለበት ቀን ብቻ ራስ ምታት የሚነሳባት ልጅ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም ውሸት ነው ብሎ መቆጣት ስሕተት ነው፤ ጭንቀት ሆድን በእውነት ያሳምማል። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያሉት ደግሞ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ይታይባቸዋል፤ በጥቃቅኑ ይቆጣሉ፣ ሌሊቱን ነቅተው ቀኑን ይተኛሉ፣ ይወዱት የነበረውን ኳስ ወይም መዝሙር ወይም መንዙማ እርግፍ አድርገው ይተዋሉ፤ አንዳንዶቹም ጫትና መጠጥ ይጀምራሉ። ወንዱ ልጅ በተለይ «ጠባዩ ተበላሸ» እየተባለ ሲቀጣ ከርሞ በኋላ ድብርት እንደያዘው የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

አካላዊ ምክንያት መኖር አለመኖሩንም አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ደም ማነስ፣ የአንጀት ትላትል፣ ከደሴ ይልቅ ቆላማ በሆነችው በኮምቦልቻ ደግሞ ወባ፣ ልጅን ያደክማሉ፣ ያነጫንጫሉ፣ ከትምህርትም ያስቀራሉ። ስለዚህ «ሰነፈ» ከማለት በፊት የደምና የሰገራ ምርመራ ማስደረግ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ከምክር በፊት መስማት

«ና እስኪ ቁጭ በል፣ ላናግርህ» ተብሎ የተጠራ ልጅ ጥፋት ፈጽሞ ለፍርድ የቀረበ ይመስለዋል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚጠየቀውን ሁሉ «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ወጥቶ ይሄዳል። ወግ ያለው ቤት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብሎ መናገር ስለሚያፍር፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጎን ለጎን ሆኖ መነጋገር ይቀላል። የደሴ ዳገት ለዚህ ይመቻል፤ ከሰኞ ገበያ ዕቃ ተሸክሞ ሽቅብ ሲወጣ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ሲያመጡ፣ አንድ ፌስታል ለእሱ አንድ ለእርስዎ ይዘው ቀስ እያሉ ሲሄዱ ሁለታችሁም የምታዩት መንገዱን ነውና ዝምታው አያስጨንቅም። ምስር ሲለቀም፣ ልብስ ሲታጠፍ፣ ጫማ ሲጠረግም እንዲሁ ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰዓት ግን ስለ ልጁ ሁኔታ ልጁን መጠየቅ አይገባም፤ ይልቁንስ ሦስተኛው ተጠጥቶ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ሲኒው አብሮ ሲታጠብ የሚነሳ ወሬ ብዙ ጊዜ ሩቅ ይሄዳል።

አጀማመሩ ጥያቄ ከሚሆን ይልቅ ያዩትን መናገር ይሻላል። «ምን ሆነሃል?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። በዚህ ፈንታ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ሰሞኑን ከነአህመድ ጋር ለኳስ ስትወጣ አላየሁህም፤ እራትህንም እየተውክ ነው። ምን ገጥሞት ይሆን ብዬ አሰብኩ።» ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝምታው ቢረዝምም ወላጁ መሙላት የለበትም። ልጁ «ምንም አልሆንኩም አባዬ» ካለ፣ «እሺ ልጄ፤ መናገር ስትፈልግ አለሁ» ብሎ መተው፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላም ሳይጫኑ እንደገና ማንሳት ነው። ብዙ ልጆች የሚናገሩት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ወላጁ ይቆጣ አይቆጣ እንደሆነ የሚፈትኑበት ነው።

ልጁ መናገር ሲጀምር ወላጅ የሚሳሳተው በፍቅር ነው። ቶሎ ሊያጽናና፣ ቶሎ ሊመክር፣ ቶሎ ሊፈታ ይፈልጋል። «ክፍል ውስጥ ሲስቁብኝ መምህሩም ዝም አለ» ላለ ልጅ «አንተም አትስማቸው» የሚለው መልስ ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል። «መምህሩ እያየ ዝም አለ? ያማ በጣም ያናድዳል» ማለት ግን ልጁ የሆነውን ሁሉ እንዲጨርስ በር ይከፍትለታል። ጨርሶ ከተናገረ በኋላ፣ «ሄጄ መምህሩን ላነጋግረው? ወይስ ለጊዜው ይቆይ? አንተ የቱ ይሻላል ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሳይጠየቅ ትምህርት ቤት ድረስ ተሄዶ የተጮኸለት ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

ከአፍ የሚያመልጡና ጉዳታቸው የከፋ አባባሎችም አሉ። «በዚህ ዕድሜህ ምን ጭንቅ አለብህ?»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «የእነ እገሌን ልጅ አታይም?» የሚሉት ሁሉ ለልጁ የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፤ ስሜትህን ደብቅ። በወሎ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ፤ የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ያለፉ አያቶች ባሉበት ቤት «እኛ ስንቱን አሳልፈናል፣ ይህም ችግር ሆኖ?» መባሉ አይቀርም። አያት ያሳለፉት በእርግጥ ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ የአንድ ልጅ ጭንቀት በሌላ ዘመን ረሀብ አይለካም፤ ሲለካ ልጁ የሚማረው ማመስገንን ሳይሆን የእሱ ሕመም ለወሬ እንደማይበቃ ነው።

ከሁሉ በላይ ምስጢር መጠበቅ አለበት። ልጁ ለእናቱ የነገራትን በሳምንቱ ከጎረቤት አፍ ከሰማው፣ ያን ያህል ጊዜ ተደክሞ የተገኘው አመኔታ በአንድ ስኒ ቡና ጠፋ ማለት ነው። ለሌላ ሰው መናገር የሚያስፈልግ ከሆነ ለማንና ለምን እንደሚነገር አስቀድሞ ለልጁ መንገር ይገባል። ምስጢር ሊጠበቅ የማይችልበት ሁኔታም አለ፤ ልጁ ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል ሲናገር፣ ወይም አንድ ሰው በአካሉ ላይ በደል እንደፈጸመበት ሲያሳውቅ። አስገድዶ መድፈር የደረሰበትን ልጅ ማመን፣ ደጋግሞ እንዲተርክ አለማስገደድ፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ሳይታጠብ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ የሽማግሌ እርቅ የልጁን ሕክምና ሊያዘገይ አይገባም።

ስለ ዱላ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል፤ በቤት ውስጥም ቢሆን የሚገረፍ ልጅ ወላጁን ይፈራል እንጂ አይነግረውም፤ ፍርሃት ባለበት ቤት ደግሞ ከላይ የተባለው ሁሉ አይሠራም።

የ2014 ትዝታ

በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር፤ ከጥቅምት 2014 መገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደግሞ ሁለቱም ከተሞች ራሳቸው በጦርነቱ ውስጥ ገቡ። ያኔ ትንሽ የነበረ ልጅ «ምንም አያስታውስም» ይባላል። ነገሩን በቃል መተረክ ባይችልም አካሉ ሊያስታውስ ይችላል፤ በሐረጎ መንገድ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ወይም ለሠርግ ሲተኮስ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ አባቱ ትንሽ ሲያመሽ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይህን እያሳየ ነው። ከዚያም ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ቁስሉ እንዲደርቅ ዕድል አልሰጠውም።

እንዲህ ያለ ልጅ በሚደነግጥበት ሰዓት ማብራሪያ አይሰማም። ጠጋ ብሎ፣ በዝግታ እየተነፈሱ፣ እሱም ትንፋሹን ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱን እንዲያረዝም ማድረግ፣ ከዚያም አሁን ያለበትን እንዲያይ መምራት ይረዳል፦ «የጦሳ ተራራ ይታይሃል? ጉም ለብሷል አይደል? ይህ የማን ቤት ነው? እኔ ማን ነኝ?» ዓላማው አእምሮው ከዚያ ቀን ወደዚህ ቀን እንዲመለስ ነው። ከተረጋጋ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ከጠየቀ አጭርና እውነተኛ መልስ ይሰጠዋል። ካልጠየቀ እንዲተርክ አይገደድም። «ከእንግዲህ ጦርነት አይመጣም» ብሎ ማንም ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል መግባት ጥሩ አይደለም፤ «አንድ ነገር ቢፈጠር የት እንደምንሄድ ተነጋግረናል፤ አንተን ትቶ የሚሄድ የለም» የሚለው እውነትም ነው፣ ያረጋጋልም።

ልጆች ጦርነት ጦርነት ሲጫወቱ ወይም ታንክ ሲሥሉ ወላጅ ይደነግጣል፤ በመሠረቱ ግን ይህ ነገሩን የሚያላምጡበት መንገድ ነውና መከልከል አያስፈልግም። ጨዋታው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያልቅ፣ ልጁንም ከማረጋጋት ይልቅ የሚረብሸው ከሆነ ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ትልልቆቹም ለራሳቸው ሲሉ ቴሌቪዥኑን ከፍተው የሚያወሩትን የጦር ወሬ ልጆች ከተኙ በኋላ ቢያደርጉት መልካም ነው፤ መኝታው አንድ ክፍል በሆነበት ቤት ይህ ቀላል እንዳልሆነ ግን ይታወቃል።

እናቱ ዓረብ አገር ያለች ልጅ

በደቡብ ወሎ ከአያት ጋር የሚያድግ፣ እናቱን በስልክ ምስል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ብዙ ነው። ስለ እነዚህ ልጆች ብዙ የሚወራው ስለሚላከው ገንዘብ እንጂ ስለ ልጆቹ አይደለም። ገንዘቡ ያስተምራል፣ ቤትም ይሠራል፤ የእናትን መለየት ግን አያስረሳም።

ከሩቅ ያለች እናት ልትሰጠው የምትችለው ትልቁ ነገር መደበኛነት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ ሰዓት ከሚደረግና ሥራ ሲበዛ ከሚቀር ጥሪ ይልቅ፣ በየዓርቡ ከመኝታ በፊት ለአሥር ደቂቃ የሚደረግና የማይቀር ጥሪ ይበልጣል። አሠሪዋ ስልክ የማትፈቅድላት እናት የድምፅ መልእክት ቀድታ ብትልክ ልጁ ደጋግሞ ይሰማዋል። ወሬውም «ትምህርት እንዴት ነው? አያትሽን ታዘዢ» ብቻ ከሆነ ፈተና ይሆናል፤ «ዛሬ ምን አሳቀሽ? ማንን ተጣላሽ?» የሚለው ይሻላል።

«በቅርቡ ትመጣለች» እየተባለ ዓመት የሚያልፍበት ልጅ የተባለውን ሁሉ ማመን ያቆማል፤ የመመለሻዋ ጊዜ ካልታወቀ «ቀኑ አልታወቀም፤ ሲታወቅ መጀመሪያ የምነግረው ለአንቺ ነው» ማለት ይበቃል። «እናትሽ በሰው አገር የምትለፋው ለአንቺ ብላ ነው» የሚለው አባባልም ለምስጋና ቢነገርም ልጅ ጆሮ ውስጥ ዕዳ ሆኖ ይገባል፤ ቢያዝንም ቢናደድም መብት እንደሌለው ይሰማዋል። አያት ደግሞ ብቻዋን መተው የለባትም፤ አጎት ወይም አክስት በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ይዞ ቢወጣ ለሁለቱም እረፍት ነው። እናት የምትመለስበት ጊዜ ሲደርስም ልጁ ቢሸሻት አያስደንቅ፤ እንግዳ ናትና ለመላመድ ወራት ያስፈልጉታል።

በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር የሚተላለፉባቸው ሳምንታት አሉ። ፈረቃው ሲቀየር በየሳምንቱ መጀመሪያ ማን እንደሚያድርና ማን እንደሚያበላው ለልጁ መንገር፣ ለሚያነብም ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ትንሽ ይመስላል እንጂ የማያውቀውን ቀን ከመጠበቅ ያሳርፈዋል።

እንቅልፍ፣ ጨዋታ፣ ፈተና

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ስልክ ከአልጋ አጠገብ ካደረ ይህ አይሆንም፤ የወላጆችም ጭምር የሁሉም ስልክ ሳሎን ቻርጅ ተደርጎ ቢያድር ጭቅጭቁ ይቀንሳል። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ጨዋታም ለስሜት ጤና ጠቃሚ ነው፤ ሴቶች ልጆች ከትምህርት መልስ በቤት ሥራ ተጠምደው ይህን እንደሚያጡ ማስተዋል ያስፈልጋል። ጫት እንቅልፍን ይነሳል፣ ጭንቀትንም ያባብሳል፤ በቤት ውስጥ እየቃመ ልጁን የሚከለክል አባት የሚሰማው አያገኝም።

ፈተናን በተመለከተ ወላጅ ልኩን ማወቅ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ፈተና አለማለፍ የአንድ ልጅ ስንፍና ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ የልጁን ክብር ሁሉ በዚያ ውጤት ላይ ማንጠልጠል አደገኛ ነው። ልጁ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከመሄዱ በፊት ውጤቱ ቢጎድል ምን እንደሚደረግ፣ ለምሳሌ የሙያ ኮሌጅ ወይም የማካካሻ ፕሮግራም መኖሩን፣ በግልጽ ተነጋግሮ መለያየት ይገባል። ውጤት በሚወጣበት ዕለትም ብቻውን አይተው።

ጸሎት፣ ዱአና ሕክምና

ልጅ ሲታመም ቤተሰብ ጠበል መውሰዱ ወይም ዱአ ማስደረጉ በሁለቱም ከተሞች የተለመደ ነው፤ ለብዙ ሰውም መጽናኛ ነው። ይህን መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሕክምናውን በዚያ ምክንያት አለማዘግየት ነው። «ቡዳ ነው»፣ «ዛር ነው» እየተባለ ወራት ካለፉ በኋላ የሚመጣ ልጅ ሕመሙ ጠንቶ ነው የሚመጣው። ልጁ መድኃኒት የጀመረ ከሆነ ለጠበሉ ሲባል እንዳይቋረጥ ለአባቶችም ማሳወቅ ይገባል። ማሰር፣ መግረፍ፣ ማስራብ በየትኛውም ምክንያት መፈቀድ የለባቸውም። የሚጥል በሽታም የአንጎል ሕመም ነው እንጂ አይተላለፍም፤ ልጅ በወደቀ ጊዜ ክብሪት ከማጨስ ይልቅ በጎኑ አስተኝቶ አጠገቡ ያለውን ድንጋይና እሳት ማራቅ ነው የሚረዳው።

ወደ ሕክምና ሲሄዱ

መነሻው በአካባቢው ያለው ጤና ጣቢያ ነው። በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን ለይተው እንዲያክሙ ወይም ከፍ ወዳለ ተቋም እንዲልኩ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብም ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄድ ከኪሱ ሊከፍል ስለሚችል ይህን ደረጃ መዝለል አያዋጣም። በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ የኮምቦልቻ ቤተሰቦችም ጠዋት በጊዜ ተነስተው መድረስ ይችላሉ።

ከመሄድዎ በፊት ለልጁ እውነቱን ይንገሩት፤ «ለክትባት ነው» ብሎ ማታለል አይገባም። «እንቅልፍ አጥተሃል፣ ሆድህንም ያምሃል፤ በዚህ ጉዳይ የሚረዳ ሰው አለ፤ አብረን እንሂድ» ይበቃል። ለውጡ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያባብሰው፣ በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው መኖሩን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፎ መያዝ ጊዜ ይቆጥባል። ባለሙያው ልጁን ለብቻው ማነጋገር ከፈለገ ይፍቀዱ፤ ምን እንደተናገረም በመንገድ ላይ አይመርምሩት። ለቀላል ድብርትና ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የንግግር ሕክምና ነው፤ የድብርት መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው፣ ሲሻለውም ያለ ሐኪም ቃል ማቋረጥ አይገባም።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል፣ የሚወዳቸውን ነገሮች ለሌሎች የሚያከፋፍል፣ ከከባድ ሐዘን በኋላ ያለ ምክንያት በድንገት የሚረጋጋ ልጅ ወዲያው መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄውም ቀጥተኛ ይሁን፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙ ልጆች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ቀለል ይላቸዋል። መልሱ «አዎ» ከሆነ አይቆጡት፣ ኃጢአት ወይም ሐራም መሆኑንም በዚያ ሰዓት አይስበኩት። ብቻውን አይተውት። ፀረ ተባይ፣ የአይጥ መርዝ፣ በረኪናና መድኃኒት ሁሉ ይቆለፍ፤ በቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ካለ ከቤቱ ይውጣ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። አንድ ነገር ጠጥቶ ከሆነ እንዲያስታውክ ሳያደርጉ፣ ወተትም ሳያጠጡ፣ ዕቃውን ወይም ማሸጊያውን ይዘው ይሩጡ።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ መምህር የሚነገረው ልጁ የተስማማበትና ለትምህርቱ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ «በቀጠሮ ቀን ይቀራል፣ ለጊዜው ፊት አቁመው አያስነብቡት» ማለት ያለ በሽታው ስም ይበቃል። ለውጡ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ሁለት ጥሩ ሳምንት አልፎ አንድ ክፉ ሳምንት ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀጠሮውን ማቅረብ እንጂ ሕክምናውን መተው አይደለም። ወላጁም በዚህ መካከል እንቅልፍ ያጣ፣ የሚያለቅስ፣ በልጆቹ ላይ የሚጮህ ከሆነ ወይም ከ2014 ጀምሮ ያልለቀቀው ነገር ካለ፣ የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለአዋቂዎችም ሕክምና ይሰጣልና በልጁ ቀጠሮ ቀን ለራሱም ካርድ ማውጣት ይችላል።